ስለ ትእምርተ ጥቅስና ስለ ድረ ገጽ
(በመቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ፣ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የሰውን ቃል እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ባለፈው ክረምት እዚሁ ቀዳማይ ወያነ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ያዩትን መከራ አጫወቱን። እኛም ታሪኩን በአማርኛ ጽፈን፣ የእርሳቸውን ቃል በትግርኛ እንዳለ በጥቅስ ውስጥ አኑረን፣ በአንድ ድረ ገጽ እንዲወጣ ሰጠን። ጽሑፉ ሲወጣ «እንዲህ አሉን» የሚለው አለ፤ ያሉት ግን የለም። ልናነብላቸው ሄደን ነበርና እጅግ አፈርን።

ቃሉን ማን በላው? ሳንሱር አይደለም። በመጻሕፍት የምናውቀው ትእምርተ ጥቅስ በብዙ ኪቦርድ ላይ ስለማይገኝ፣ ብዙዎቻችን በሒሳብ ትምህርት «ያንሳል» እና «ይበልጣል» የምንላቸውን ምልክቶች ሁለት ሁለት ጊዜ እየመታን እንተካዋለን። ለዓይን ልዩነቱ ጥቂት ነው። ድረ ገጽ በሚጻፍበት በኤችቲኤምኤል ግን ያንሳል የትእዛዝ መክፈቻ፣ ይበልጣል መዝጊያ ነው። ማሰሻው ከያንሳል ቀጥሎ የግዕዝ ፊደል ሲያገኝ ትእዛዝ አለመሆኑን ለይቶ እንዳለ ያሳያል፤ የላቲን ፊደል ሲያገኝ ግን ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል። አንዳንድ ጽሑፍ አጣሪ ፕሮግራም ደግሞ ይህን እንኳ ሳይለይ በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል። የእኛም ጥቅስ የሄደው በዚህ መንገድ ነው።

እርግጥ ነው፣ አጣሪው ያለ ምክንያት አልተሠራም። ክፉ ሰው በጽሑፍ ውስጥ ትእዛዝ ሸሽጎ ቢልክ፣ የአንባቢው ማሰሻ ሊፈጽመው ይችላል። ዳሩ ግን ሌባ ይገባል ተብሎ እንግዳ ሁሉ አይባረርም።

ስለዚህ መድኃኒቱ መቁረጥ ሳይሆን መለወጥ ነው። የሚለወጡት አምስት ናቸው፤ ያንሳል፣ ይበልጣል፣ አምፐርሳንድ፣ ድርብ ጥቅስና ነጠላ ጥቅስ። እያንዳንዱ በአምፐርሳንድ ጀምሮ በሴሚኮለን በሚያልቅ ምትክ ይጻፋል፤ ለምሳሌ የያንሳል ቁጥር 60፣ የይበልጣል 62 ነው። ማሰሻው ምትኩን ሲያነብ ምልክቱን ያሳያል እንጂ ትእዛዝ አይፈጽምም። በተራ የሚለወጡ ከሆነ አምፐርሳንድ ይቅደም፤ መጨረሻ ከተደረገ የሌሎቹን ምትክ ያበላሻል። ጽሑፉም በመዝገብ እንደ ተጻፈ ይቀመጥ፤ ለውጡ ወደ ገጹ ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረግ። ሁለት ጊዜ ከተለወጠ አንባቢው በምልክቱ ፈንታ ቁጥር ያያል።

ፊደላችንስ ይለወጥ? አያስፈልገውም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል፤ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። ገጹ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ከተገለጸ ፊደሉ በሦስት ባይት እንዳለ ይጻፋል፤ በቁጥር ምትክ ቢጻፍ ግን ሰባት ባይት ይፈጃል። ትክክለኛው ትእምርተ ጥቅስም በገጽ ላይ አደጋ የለውም።

ወንድሞችና እኅቶች! ከመካከላችን ፕሮግራም የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። ሥራችንን በእንግሊዝኛ ብቻ አንፈትን፤ በአማርኛና በትግርኛ፣ ሰው እንደሚጽፈው ከነጥቅሱ እንሞክረው። የእኚያ እናት ቃል ዛሬ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ሄደንም አነበብንላቸው። ቃሉን በአደራ የሰጠን ሰው፣ ቃሉ ሳይጎድል እንዲደርስ ይጠብቅብናል።