አንድ ጥማድ ስንት ሄክታር ነው?



ስለ ማኅበራዊ ሳይንስ የዕውቀት መሠረት እንድናገር ስጋበዝ ከመጻሕፍት አስቀድማ ትዝ ያለችኝ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኮሶዬ ናት። በተማሪነቴ ዘመን መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት የዞርሁት በዚያ ደጋ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ስንት ጥማድ መሬት አለዎት?» ይላል። መልሱን በ0.25 እያባዛሁ ወደ ሄክታር እለውጥ ነበር።

ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት «ሁለት ጥማድ» ካሉኝ በኋላ ትንሽ ዝም ብለው፣ «የሚጠመድ በሬ ግን የለኝም፣ ልጄ» አሉ። መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተዋል፤ የምርቱ ግማሽ የአራሹ ነው። በእኔ ሰንጠረዥ ግን «ግማሽ ሄክታር» ተብለው፣ ጥንድ በሬ ካላቸው ጎረቤታቸው ጋር በአንድ መደብ ገቡ። ያን ሰንጠረዥ ይዞ ለእርዳታ የሚመለምል ሰው ሁለቱን በምን ይለያቸዋል?

ጥማድ ከመነሻው የስፋት መለኪያ አይደለም፤ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው። በኮሶዬ ተዳፋትና በደምቢያ ሜዳ የአንድ ቀን እርሻ እኩል ስፋት ሊኖረው አይችልም። ሩብ ሄክታር የምንለው ለቢሮ ሥራ የሚመች ስምምነት ነው።

«እንግዲያው በጂፒኤስ ይለካ» ትሉኝ ይሆናል። ይለካ፤ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን መሣሪያው የሚመልሰው የስፋቱን ጥያቄ ብቻ ነው። ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው መጽሐፉ ማኅበራዊ ክስተትን እንደ ነገር እንድንመለከት ያሳሰበው ከቅድመ ግምታችን እንድንላቀቅ ነበር። የእኔ ቅድመ ግምት ግን የተደበቀው በዚያው ንጹሕ በመሰለኝ ቁጥር ውስጥ ነበር። ፒተር ዊንች በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1958 የሰዎች ተግባር እነርሱ ከሚኖሩበት ጽንሰ ሐሳብ ተነጥሎ ሊገባን እንደማይችል ተከራክሯል። እኒያ እናት ያስረዱኝም ይህንኑ ነው፤ በቃሉ ውስጥ በሬውም፣ ጉልበቱም፣ ቀኑም አሉ።

ሆኖም ዊንችንም እስከ መጨረሻው አልከተለውም። የአገሬው ሰውም ቢሆን እርሳቸውን «ባለ ሁለት ጥማድ» ይላቸዋል፤ ቃሉ ምርቱ ማን ጎተራ እንደሚገባ አይናገርም። ይህን ለማወቅ በመኸር ጊዜ አውድማው ላይ መገኘት ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ደግሞ የሄድሁት በክረምት ነው።

የተናገሩትን በመጠይቁ ኅዳግ ላይ ጽፌው ነበር። መረጃው ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ግን ለኅዳግ ጽሑፍ የተዘጋጀ ዓምድ አልነበረም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።