ፍርሃትና ሳቅ በአንድ ገበታ



በምሽት እሳት ዳር የሰማነው አያ ጅቦ ሲያስፈራንም ሲያስቀንም እንደ ኖረ የታወቀ ነው። ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። ጃፓናዊው ሠዓሊ ሺጌሩ ሚዙኪ (እ.ኤ.አ. 1922–2015) በልጅነቱ የመናፍስትን ተረት ከአንዲት አሮጊት ሰምቶ አደገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግራ እጁን አጣ። በቀረው እጁ ግን፥ ከ1960 ጀምሮ፥ ከመናፍስት ወገን የተወለደውን ኪታሮን በሥዕላዊ ታሪክ አቀረበ። የኪታሮ አባት ሥጋው በስብሶ የቀረው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው፤ ያም ዓይን እጅና እግር አውጥቶ በጣባ ሙቅ ውሃ ገላውን ይታጠባል! አንባቢው ደንግጦ ሳያበቃ ይሥቃል። እውነተኛውን መዓት ያየ ሰው ፍርሃትን በሳቅ ማለዘብ እንደሚቻል አሳየ። እንግዲህ የአያቶቻችንን አስፈሪ ተረት «ከንቱ ነው» ብለን አንጣል፤ ልጅ እየሣቀ ድፍረትን የሚማርበት ነውና።