«ኦኬ» እና ዘመዶቹ



ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንደምናገር ስትሰሙ፣ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ ከበድ ያለ ነገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ የመረጥሁት ግን እንግሊዝኛ ያልተማረ ሰው እንኳ የሚያውቀውን «ኦኬ»ን ነው። ተማሪ ቤት ተመሳሳይ ቃላት በሁለት ዓምድ ተጽፈው ይሰጡን ነበር፤ በግራ ቃሉ፣ በቀኝ አቻው። ኦኬን በዚያ መንገድ ብናስተምር በቀኝ በኩል «ኦል ራይት»፣ «ፋይን»፣ «ሹር»፣ «ቬሪ ዌል» እና «የስ» ይሰለፋሉ። ሰልፉ ያምራል። አንዱን በሌላው ቦታ የተካ ተናጋሪ ግን ሰው ያስቀይማል፤ አንዳንዴም፣ ወደ በኋላ እንደምነግራችሁ፣ ከዚያ የከፋ ነገር ይመጣል።

አስቀድሜ ስለ ትውልዱ ልናገር። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። የዚህ ቃል አባት ነን ባዮች ብዙ ናቸው። «ሁሉ መልካም» ከሚለው የግሪክ «ኦላ ካላ» ነው የመጣው የሚሉ አሉ፤ ከምዕራብ አፍሪካው ወሎፍ ቋንቋ የሚያመጡትም አሉ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ደግሞ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት የቾክቶዎች ቃል ነው ብለው ስላመኑ፣ ሰነድ ሲያጸድቁ በተለየ አጻጻፍ «ኦኬህ» እያሉ ይጽፉ ነበር። ጉዳዩን የቋጩት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ አለን ዎከር ሪድ ናቸው። በ1960ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ አሮጌ ጋዜጦችን አገላብጠው ቃሉን ማርች 23 ቀን 1839 በወጣው የቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ላይ አገኙት።

በዚያ ዘመን የቦስተን ጋዜጠኞች አንድ የጨዋታ ልማድ ነበራቸው። ሐረጉን ሆን ብለው አበላሽተው ይጽፉና የመጀመሪያ ፊደላቱን ብቻ ያስቀራሉ። «ሁሉም ትክክል» ማለት የሆነው «ኦል ኮሬክት» በትክክል ሲጻፍ በ«ኤ» እና በ«ሲ» ይጀምራል፤ እነርሱ ድምፁን ተከትለው «ኦ» እና «ኬ» አደረጉት። ቀልዱ ይኸው ነው፦ ትክክል የሚለውን ራሱን አሳስቶ መጻፍ። አብረውት የተፈለሰፉት ምህጻሮች አብዛኞቹ ወዲያው ተረስተዋል። ኦኬን ከመረሳት ያዳነው የ1840 ምርጫ ነበር። ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን በኒው ዮርክ ግዛት የኪንደርሁክ ተወላጅ ስለነበሩ ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይሏቸው ነበር፤ የሁለቱ ቃላት መጀመሪያ ፊደላት ከቀልዱ ጋር ገጠሙና የኦኬ ክበብ ተቋቋመ። ቫን ቡረን በዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸንፈው ሥልጣን ለቀቁ። ቃሉ ግን ሥራ አላጣም፤ ቴሌግራፍ ሲስፋፋ ኦፕሬተሮች «መልእክቱ በደንብ ደርሶኛል» ለማለት ተገለገሉበት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ከ«ትክክል ነው» ወደ «ደርሶኛል» መሸጋገር ቀላል ነገር አይደለምና። የደረሰን ነገር ሁሉ ትክክል ነው አንልም። ኦኬ ግን ሁለቱንም ይዞ ቀረ፤ ከጊዜ በኋላ «ተስማምቻለሁ»፣ «ፈቅጃለሁ»፣ «ይበቃል»፣ «እንቀጥል» የሚሉትንም ጨመረ። ወድቆ የተነሣን ሰው «ኦኬ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ደግነት ነው፤ ስለ ቀረበላችሁ ምግብ ስትጠየቁ «ኦኬ ነው» ማለት ግን ባለሙያዋን ማስከፋት ነው። ቃሉ አያሞግስም፣ አይነቅፍም። እንደ እኔ እምነት ጉልበቱ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ዘመዶቹ የማይደርሱበትም በዚሁ ነው። «ሹር» ፈቃደኝነትን፣ አንዳንዴም ደስታን ይጨምራል። «ቬሪ ዌል» የአለቃ ወይም የአሽከር ቃል ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚሰማው በድሮ ፊልም ነው። «ፋይን» በጽሑፍ መልካም ነው፤ ከተኮሳተረ ፊት ጋር ሲመጣ ግን «እንደፈለግህ፣ ከእንግዲህ አልከራከርህም» ማለት ነው። «ኦል ራይት» የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እርሱም ቢሆን የማጽናናት ቃና አለው።

ይህን ገለልተኝነት የኮምፒውተር ሠሪዎችም ፈልገውታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአፕል ሰዎች «ሊሳ» የተባለውን ማሽን ሲሠሩ የማጽደቂያው ቁልፍ «ዱ ኢት»፣ «አድርገው» ይል ነበር። ሙከራ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሁለቱን ቃላት አያይዞ «ዶልት» ብሎ አነበበው፤ ትርጉሙ «ደደብ» ነው። ማሽኑ ለምን እንደሚሰድበው ጠየቀ። ቁልፉ ወደ ኦኬ ተቀየረ።

በአማርኛ በተዘጋጁ ስልኮች ያ ቁልፍ «እሺ» ይላል። መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ግን የእኛ እሺ ለሰው የሚሰጥ ቃል ነው፤ «እሺ ይበልጣል ከሺ» የተባለውም ስለዚህ ነው። ምግቡን «እሺ ነው» አንልም፤ «ደህና ነው» እንላለን። የወደቀውንም «ደህና ነህ?» እንለዋለን፤ ስብሰባ ስንከፍት «በሉ እንጀምር»፣ ሳንወድ ስንስማማ «ይሁን» እንላለን። ኦኬ ብቻውን የሚሸከመውን እኛ ለአራትና ለአምስት አከፋፍለነዋል። በስልክ «እሺ... እሺ...» ስንል ግን እኛም ያው ነን፤ ሰማሁ ይሁን ተስማማሁ አይለይም። «እሺ፣ ነገ»ንስ ከእኛ ወዲያ ማን ያውቀዋል?

ይህ አለመለየት የት ድረስ እንደሚያደርስ ላሳያችሁ። ማርች 27 ቀን 1977 በቴነሪፍ ደሴት በሎስ ሮዴዮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባድ ጭጋግ ወርዶ ነበር። በአጎራባቿ ደሴት በግራን ካናሪያ ቦምብ በመፈንዳቱ ብዙ አውሮፕላኖች ወደ ጠባቡ የሎስ ሮዴዮስ ማረፊያ ተዛውረዋል። የኬኤልኤም አየር መንገድ ቦይንግ 747 አውሮፕላን ሳይፈቀድለት ለመነሣት መንደርደር ጀምሮ ሳለ፣ ረዳት አብራሪው ለመቆጣጠሪያው ማማ ከተለመደው ደንብ ውጭ በሆነ አነጋገር «አሁን መነሣት ላይ ነን» አለ። ተቆጣጣሪው የመነሻው ቦታ ላይ ቆመዋል ብሎ ተረዳና «ኦኬ» አለ፤ ጥቂት ቆይቶ «ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ» አለ። በዚያችው ቅጽበት በዚያው መንደርደሪያ ላይ የነበረው የፓን አም አውሮፕላን አብራሪ «እኛ ገና መንደርደሪያው ላይ ነን» እያለ ነበር፤ ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው ሬዲዮው ጮኸ። በኬኤልኤም በኩል ጥርት ብላ የተሰማችው ኦኬ ብቻ ነበረች። ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጩ፤ 583 ሰዎች ሞቱ።

ኦኬ ብቻዋን ገደለቻቸው አልልም። ጭጋጉ አለ፣ ችኮላው አለ፣ ሬዲዮው አለ፤ አውሮፕላኑም ቃሉ ከመነገሩ በፊት መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን «ሰማሁ» እና «ፈቀድሁ» በአንድ ቃል ሲነገሩ፣ የቸኮለ ሰው የሚሰማው የሚፈልገውን ነው።

የአቪዬሽን ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ለይተው የሚናገሩባቸው ቃላት አሏቸው። «ሮጀር» ማለት መልእክትህ ደርሶኛል ማለት ብቻ ነው፤ እሺታ የለበትም። መነሻው ለ«ደርሷል» የቆመው «አር» ፊደል ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፊደል መጥሪያ «አር» ሮጀር ይባል ነበር፤ ዛሬ ፊደሉ «ሮሜዮ» ቢባልም ቃሉ አልተቀየረም። «ዊልኮ» ተረድቻለሁ፣ እፈጽማለሁ ነው። «አፈርም» አዎ ነው። ከቴነሪፍ በኋላ ደግሞ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል ለመነሻ ፈቃድ መስጫና መሰረዣ ብቻ እንዲውል ተደረገ፤ ከዚያ በፊት ባለው ንግግር ሁሉ «ዲፓርቸር» ነው የሚባለው። ከቦሌ የሚነሣው አብራሪም ፈቃዱ ሲሰጠው ደርሶኛል ብሎ አያልፍም፤ የመንደርደሪያውን ቁጥር ጨምሮ የተባለውን ቃል በቃል መልሶ ይናገራል፤ ተቆጣጣሪውም አዳምጦ ያመሳክራል።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።