በየቀኑ አንድ መስመር

(በዋጃ ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ፤ ደብዳቤም ታነባላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካልሠሩበት ይዝጋል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖች ተምረዋል። ከዚያ በኋላ የሚያነበውና የሚጽፈው ያጣ ግን የተማረውን መልሶ ረስቷል።

ታዲያ ምን እንጻፍ ትሉኝ ይሆናል። ፊደል ለማመልከቻና ለደረሰኝ ብቻ አይደለም። በየቀኑ የምትወዱትን አንድ ነገር ጻፉ። አንድ መስመር ይበቃል።

ለምን የምንወደውን? እስቲ የራሳችንን አገር እንይ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የኮረም ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ። ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ፊልም ታየ። የእርዳታው እህል በኩንታል ተመዘገበ። መመዝገቡ ደግ ነው። ነገር ግን ያ ሕዝብ ከዚያ በፊት ምን ይወድ እንደነበር ማን ጻፈው? ጎርፉ ከደጋ ሲወርድ ጠልፎ ማሳው ውስጥ ያስገባ ገበሬ ደስታው ምን ያህል ነበር? ደጋሊት የሚባለው ማሽላ ከጅጉርቴ በጣዕም በምን ይለያል? እናትስ ልጇን እሹሩሩ ስትል ምን ትል ነበር? ብዙው ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ። ችግራችንን ሌላ ሰው ይጽፍልናል። የምንወደውን ግን ከእኛ በቀር የሚጽፍልን የለም።

ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት በጃፓን ሴይ ሾናጎን የምትባል ሴት ነበረች። በቤተ መንግሥት ንግሥቲቱን ታገለግል ነበር። ደስ የሚሏትን ነገሮች፣ የሚያናድዷትንም፣ እየዘረዘረች ጻፈች። የዘመኗ ብዙ ሹማምንት ተረስተዋል፤ የእርሷ ጽሑፍ ግን ዛሬም ይነበባል። በእኛም አገር ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል የጥንት ጀግኖችን የፈረስ ስም ሰብስበው ጽፈዋል። ባይጽፉት ኖሮ ስንቱ ስም በጠፋ ነበር!

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ደብተርና እርሳስ ያዙ። ማታ ከራት በኋላ መጀመሪያ ቀኑን ጻፉ። ከዚያ የወደዳችሁትን ነገር ለይታችሁ በስሙ ጥሩት። «ልጄን እወዳታለሁ» ማለት ጥሩ ነው። «ልጄ ዛሬ ማማ ላይ ወጥታ በወንጭፍ ወፍ ስታባርር አይቼ ደስ አለኝ» ማለት ግን ይበልጣል። ከዓመታት በኋላ የሚያነበው ሰው ልጅቷን ያያታል። ፊደል ቢጠፋባችሁ አትፈሩ፤ ልጆቻችሁን ጠይቁ።

ክፉ ቀን ቢመጣም ደብተሩን አትዝጉት። ዝናብ የቀረ ዕለት እንዲያውም አስባችሁ ጻፉ። የሚወደድ ነገር ሁሉ ያለቀ የሚመስለው ያን ጊዜ ነውና።

በቀን አንድ መስመር በዓመት 365 መስመር ይሆናል። በ10 ዓመት ከ3,600 ይበልጣል። ይህ አንድ መጽሐፍ ነው።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ለልጆቻችሁ መሬትና ከብት ታወርሳላችሁ። የወደዳችሁትንም አውርሷቸው። የመጀመሪያውን መስመር ዛሬ ማታ ጻፉ።