ስለ አዲስ አክሲዮን መሸጥና ስለ ዋጋው መጨመር

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ዘንድሮ ስለ አክሲዮን ጉዳይ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስላዘዘን በፊታችሁ ቆመናል። እኛ የባንክ ሊቅ አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም። ይሁን እንጂ ዕድሜያችንን የጨረስነው ደብዳቤ በመመዝገብና ሒሳብ በመደመር ስለሆነ፣ አንድ ወረቀት ሲመጣ ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳናነብ አንፈርምም። የምንነግራችሁም ከዚያው ከንባብ ያገኘነውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን ጥቂት ሰዎች ከዓመታት በፊት በአንድ አነስተኛ የአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ድርሻ ገዝተዋል። የማኅበሩን ስም መጥራት አያስፈልግም። 1,000 ብር የተጻፈበት አክሲዮን በደላላ እጅ 1,500 ብር ያወጣል የሚል ወሬ ተሰማ። ወዲያው ደግሞ ማኅበሩ አዲስ አክሲዮን ሊያወጣ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰ። ከዚህ በኋላ ሠፈሩ በሦስት ተከፈለ ማለት ይቻላል። ድርሻ ያላቸው አንዳንዶቹ ሀብታም ሆንን አሉ። ሌሎቹ፣ አዲስ ሰው እያስገቡ ድርሻችንን ሊያቀጥኑት ነው ብለው ተቆጡ። ምንም የሌላቸው ደግሞ ሳያልቅብን እንግዛ እያሉ ብድር መጠየቅ ጀመሩ። ይባስ ብሎ በዕድሩ የመጠባበቂያ ገንዘብ እንግዛበት የሚል ሐሳብ በጽሑፍ ለኮሚቴው ቀርቧል። ስለዚህ ነገሩ የጥቂት ሰዎች ወግ መሆኑ ቀርቶ የሁላችንም ሆኗል።

አክሲዮን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን የሚያገበያይ ቡድን ነበረ፤ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ትልልቅ ፋብሪካዎች ሲወረሱ እሱም አብሮ ቀረ። የግል ባንክ እንዲቋቋም እንደገና የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እዚያ በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። በዚያው በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ፣ ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ መመሪያ ስላወጣ፣ በየቅርንጫፉ በር ላይ አክሲዮን ግዙ የሚል ማስታወቂያ የበዛው አንድም በዚህ ምክንያት ነበር። ከባንክ ውጭ ያሉትም ማኅበሮች የእነሱን ፈለግ ተከትለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አዲስ አክሲዮን ሲወጣ ነባሩ ሰው ይጎዳል ወይስ ይጠቀማል?

ይህን ለማስረዳት ሩቅ አንሄድም፤ የራሳችን ዕድር ይበቃል። ዕድሩ ሲመሠረት የገባ ሰው የከፈለው መግቢያ ትንሽ ነበር። ዛሬ አዲስ አባል ሲገባ ግን ብዙ ይከፍላል። ለምን? ድንኳኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ብረት ድስቱና ሰሃኑ አለ፣ በባንክ የተቀመጠ ብር አለ። ይህ ሁሉ የተገዛው በቀድሞዎቹ መዋጮ ስለሆነ፣ አዲሱ ሰው ድርሻውን ከፍሎ ቢገባ ማንም አያጉረመርምም። ኮሚቴው ግን ማታ ተሰብስቦ ወዳጆቹን በድሮው መግቢያ ቢያስገባ ዝም የሚል አለ? አክሲዮንም እንደዚሁ ነው። በተጻፈበት ዋጋ ላይ የሚጨመረውን ብር ፕሪሚየም ይሉታል፤ እኛ በቋንቋችን መግቢያ ብንለው አልተሳሳትንም።

በቁጥር እንየው። እርሳስ ያላችሁ ጻፉ። አንድ ማኅበር 10,000 አክሲዮን አለው እንበል። ዕዳው ተቀንሶ የቀረው ሀብቱ 15 ሚሊዮን ብር ነው። ስለዚህ ለአንዱ አክሲዮን 1,500 ብር ይደርሰዋል። አሁን 5,000 አዲስ አክሲዮን በ1,000 ብር ሒሳብ ለተመረጡ ሰዎች ቢሸጥ 5 ሚሊዮን ብር ይገባል። ሀብቱ 20 ሚሊዮን፣ አክሲዮኑ 15,000 ሆነ። ሲካፈል 1,333 ብር ነው። ከነባሩ ሰው በእያንዳንዱ አክሲዮን 167 ብር ያህል ሄደ፤ ኪሱ ግን አልተነካምና አይታወቀውም። አዲሱ ሰው ደግሞ 1,000 ከፍሎ የ1,333 ብር ድርሻ ያዘ። እነዚያው 5,000 አክሲዮኖች በ1,500 ብር ቢሸጡ ኖሮ 7 ሚሊዮን ተኩል ይገባ ነበር፤ 22 ሚሊዮን ተኩሉ ለ15,000 ሲካፈል ያው 1,500 ነው። ማንም አልተጎዳም።

ሦስተኛም መንገድ አለ። በ1,000 ብሩም ቢሆን መጀመሪያ ለነባሮቹ እንደየድርሻቸው ቢሸጥስ? 10 የነበረው ሰው 5 ይገዛል። የቀድሞው 15,000 ብርና አሁን ያወጣው 5,000 ብር 20,000 ይሆናል፤ 15ቱን አክሲዮን በ1,333 ብታባዙት ከትንሽ ሽርፍራፊ በቀር ያው 20,000 ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ለነባር ባለአክሲዮኖች ይህን የቅድሚያ መብት ይሰጣል። መብቱን ሊያስቀር የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡን። ብዙ ጊዜ ከስብሰባ ጥሪው ጋር የውክልና ወረቀት ይመጣል፤ ጉባኤው ሩቅ ነው፣ ጉልበታችንም ደክሟል፣ ስለዚህ ባዶውን ፈርመን ለአንድ ሰው እንሰጣለን። የቅድሚያ መብት የሚቀረው እንዲህ ባለው ፊርማ ነው። ሳትሄዱ ብትቀሩ እንኳ በምን ጉዳይ ላይ እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥላችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ።

የሚያሳዝነው ግን መብቱ ተሰጥቶትም መግዣ ብር የሌለው ጡረተኛ ነው። ለእሱ የሚሻለው በርከት ያለ ፕሪሚየም ቢጠየቅ ነው። ስለዚህ በስብሰባ ላይ ዋጋው ይቀነስ እያለ የሚያጨበጭብ ነባር ባለአክሲዮን በራሱ ላይ ያጨበጭባል።

ከዚህም ሌላ ብሩ ምን ሊሠራበት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ያ ማኅበር በዓመት 2 ሚሊዮን ብር የሚያተርፍ ከሆነ ለ10,000 አክሲዮን 200፣ 200 ብር ነው። አክሲዮኑ 15,000 ሲሆን ትርፉ ካልጨመረ 133 ብር ይሆናል። የቀድሞውን 200 ብር ለመስጠት 3 ሚሊዮን ማትረፍ አለበት። አዲስ መኪና ገዝቶ ሥራ ሊያሰፋ ነው ወይስ የድሮ ዕዳ ሊከፍል? ደብዳቤው ለማስፋፊያ ሥራ ብሎ በአንድ መስመር ካለፈው፣ ማስፋፊያው ምን እንደሆነ ይጠየቅ። ጠያቂ እንደ ነገረኛ መቆጠር የለበትም።

ስለ ዋጋ መጨመር ደግሞ እንናገር። ደላላ 1,500 አወጣ ሲል ስንት አክሲዮን፣ ለማን፣ መቼ ተሸጦ ነው? ሁለት አክሲዮን ለአንድ ችኩል ገዢ ተሸጦ ከሆነ፣ ይህ ዋጋ የሁሉም አክሲዮን ዋጋ ነው ማለት አይቻልም። በ2009 ዓ.ም. የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የያዙት የባንክ አክሲዮን ለጨረታ ሲቀርብ፣ ከተጻፈበት ዋጋ በብዙ እጥፍ የተሸጠ ነበር። ባለቤቶቹ ያገኙት የተጻፈበትን ዋጋ ብቻ ሲሆን ብልጫው ለመንግሥት ገብቷል። (በ2011 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ እንደገና እንዲገዙ ተፈቀደላቸው።) ያን የጨረታ ዋጋ ሰምቶ የራሱን ድርሻ በዚያው ዋጋ ያባዛ ሰው ብዙ ነው፤ ልሽጥ ቢል ግን ገዢው የት አለ?

ሳያልቅብን የሚሉትም ይስሙ። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን አንዱን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር ነበር። ያን ጊዜም የሚጣደፍ ነበር። ጊዜው ተራዝሞ የካቲት 7 ቀን ሲዘጋ የገዙት 47,377 ሰዎች፣ የተሸጠውም 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ነው። ዘጠኝ እጁ ሳይሸጥ ቀረ። ለመግዛት አስቦ፣ አንብቦ፣ ልጆቹን አማክሮ የገባ ሰው ምንም አላመለጠውም። ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ አክሲዮን መግዛትን ግን በዚህ መድረክ ላይ ስሙንም ባናነሣው ይሻላል፤ ወለዱ በየወሩ ሲመጣ የትርፍ ድርሻ የሚመጣው፣ ያውም ከተገኘ፣ በዓመት አንዴ ነው።

አሁን ወደ መጠባበቂያው ገንዘብ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። በቁጠባ የተቀመጠ ብር የሚገዛው ነገር ዓመት በዓመት እንደሚያንስ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል፤ የሬሣ ሣጥንና የጤፍ ዋጋ ምስክር ነው። ነገር ግን ሰው ሞቶ ድንኳን ሊተከል ሲል የአክሲዮን ገዢ እስኪገኝ አይጠበቅም። ያ አነስተኛ ማኅበር በገበያው አልተመዘገበም፤ ድርሻውን ለመሸጥ ደላላ መፈለግ፣ የማኅበሩን ጽሕፈት ቤት ደጅ መጥናት፣ ውልና ማስረጃ መሰለፍ አለ። ለቀስተኛው በሦስት ቀን ይበተናል፤ ይህ ሁሉ ግን በሦስት ወርም ላያልቅ ይችላል። ደግሞም ይህ ገንዘብ እንጀራ ሸጣ በየወሩ የምትከፍለው እናት ገንዘብ ነው። እሷ ዕድር ገባች እንጂ ንግድ አልገባችም።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ያ ገንዘብ እንዳይነካ ነው። ጉባኤው የለም ካለ ግን ቢያንስ ብዙ ሐዘን በደረሰብን ዓመት የወጣው ወጪ እጥፍ አስቀድሞ በባንክ ይቀመጥ፤ ከዚያ የተረፈው ካለ ስለ ተረፈው ይመከር። ከመዝገቡ አይተን ሒሳቡን ሠርተን ለገንዘብ ያዡ ሰጥተናል፤ ለማየት የሚፈልግ ይጠይቃቸው።

ድርሻ ያላችሁ ደግሞ ደብዳቤው የመግዣውን የመጨረሻ ቀን ስለሚናገር አትዘግዩ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በዕድሩ ቤት እንቀመጣለን። ደብዳቤውን፣ የአክሲዮን ምስክር ወረቀታችሁንና ያለፈውን ዓመት የኦዲተር ሪፖርት ይዛችሁ ኑ፤ መነጽራችሁንም እንዳትረሱ። ስለ መጠባበቂያው ገንዘብ የቀረበው ሐሳብ ግን አሁን፣ ከሻይ በፊት፣ እጅ በማውጣት ይወሰናል።