አደስን በጓሮ


በነቀምቴም ሆነ በሌሎች የወለጋ ከተሞች ባሕር ዛፍ ሲባል ግንድና አጣና እናስባለን። ዘመዱን አደስን ግን ብዙ ጊዜ የምናውቀው ደርቆና ተፈጭቶ ከጸጉር ቅቤ ጋር ሲዋሐድ ነው። ዘይቱንና በዚህ አገር በዴሳ የምንለው ዶቅማም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የአደስን ቅጠል ወደ ብርሃን ብታነሡ ጥቃቅን አሳላፊ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ መዓዛው የሚመነጨው ከእነዚህ የዘይት ከረጢቶች ነው።

አደስ ከቅርንጫፍ ቁራጭ ይራባል። ዘዴው የእናት ተክሉን ጠባይ ሳይለውጥ ያቆያል፤ ነገር ግን ከአንድ እናት የተገኘ ሁሉ ለአንድ በሽታ እኩል ይጋለጣል። ስለዚህ ቁራጭ ስትሰበስቡ ከልዩ ልዩ ጓሮ ይሁን። የወለጋ ክረምት ብርቱ ነውና ውኃ በማይተኛበት፣ ፀሐይ በሚያገኝ ስፍራ ትከሉት። የእናቶቻችንንም ዕውቀት አብራችሁ መዝግቡ፤ ተክሉ ያለ ዕውቀቱ ቁጥቋጦ ብቻ ነው።