ስለ ጐደሉ ገጾችና ስለ ጠራዥ ስሕተት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምንበት ጉዳይ ከትልልቆቹ የማኅበራችን ጉዳዮች አጠገብ ሲያኖሩት ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም ከመጽሐፍ ውስጥ ስለሚጐድል ገጽ ነው።

ልብ ወለድ ታሪክ ሲነበብ ገጽ ቢጐድል አንባቢው ወዲያው ይነቃል። በአንዱ ገጽ ገና ያልታጨችው ልጃገረድ በሚቀጥለው ገጽ ልጅዋን ክርስትና ስታስነሣ ቢያገኛት አንድ ነገር እንደ ጠፋ ይገባዋል። መዝገበ ቃላትንና ኢንሳይክሎፔዲያን ግን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ የለም። ሰው አንድ ቃል ፈልጎ ይገልጣል፤ አይቶ ይዘጋል። የፈለገውን ያጣ እንደ ሆነም «ቃሉ የለም» ይላል እንጂ «ገጹ የለም» ብሎ አይጠረጥርም። ከዚያም «እንዲህ ያለ ቃል በግዕዝ አይገኝም» ብሎ በጽሑፉ ያሰፍራል፤ መምህሩም በዚያው መጽሐፍ ቢያመሳክሩ ልክ ሆኖ ያገኙታል።

በዚህ ዓመት ጥቂት ሆነን አንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ከፊት እስከ ኋላ ቈጠርን። ከገጽ 192 ቀጥሎ የመጣው ገጽ 209 ሆኖ ተገኘ። እስከ 224 ደርሰን ስንገልጥ ደግሞ እንደ ገና 209 ብሎ ጀመረ። የጐደለው 16 ገጽ፣ የተደገመውም 16 ገጽ መሆኑ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማተሚያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰፊ ወረቀት በአንዱ ፊት 8፣ በሌላው ፊት 8 ገጽ ያትምና ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ያጥፈዋል። ይህም 8 ቅጠል ወይም 16 ገጽ ያለው አንድ ጥራዝ ይሆናል። ጥራዞቹ በተራ ተደርድረው በክር ይሰፋሉ። 192 ለ16 ሲካፈል 12 ስለሚሆን፣ የጐደለን 13ኛው ጥራዝ ነው፤ 14ኛው ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። ጠራዡ ከ13ኛው ክምር ማንሣት ሲገባው እጁ ከጐረቤቱ ሁለት አነሣ። የጥራዙ ብዛት ልክ ስለ ሆነ የመጽሐፉ ውፍረት ምንም አይናገርም። ምናልባትም 13ኛውን ሁለት ጊዜ የያዘ የዚህ መጽሐፍ ወንድም በሌላ አገር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

የጥንት አታሚዎች ይህን ስሕተት ለመከላከል በእያንዳንዱ ጥራዝ መጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ ፊደል ወይም ቍጥር ያኖሩ ነበር። እንግሊዞቹ ለዚሁ ሥራ የላቲንን 23 ፊደል ብቻ ይዘው ከአይና ከጄ አንዱን፣ ከዩና ከቪ አንዱን ሲመርጡ፣ ደብሊዩን ፈጽሞ ይተዉት ነበር። ስለዚህ ደብሊዩ ጠፋ ብሎ የሚደነግጥ አይኑር። የአገራችንም ጸሐፍት በብራና መጽሐፍ በየጥራዙ ራስጌ የግዕዝ ቍጥር ይጽፋሉ፤ ቅጠሉ ግን ባብዛኛው አይቈጠርም። ክሩ ተበጥሶ ገበታው ሲላቀቅ ጠራዡ ተራውን የሚያውቀው በዚያ ቍጥር ነው። ቍጥሩ ከደበዘዘ ወይም ዳሩ ከተቈረጠ ጥራዙ ቦታውን ሊስት ይችላል። የባሰው ነገር የሚመጣው ከእንዲህ ያለው መጽሐፍ ሌላ ሲገለበጥ ነው። ገልባጩ ያገኘውን አያይዞ ይጽፋል፤ አዲሱ መጽሐፍ ቍጥሩ የተሟላ፣ ክሩ የጠበቀ፣ ጉድለቱም የማይታይ ሆኖ ይወጣል። ዛሬም አሮጌ መጽሐፍ በስካነር ተነሥቶ በኮምፒዩተር ሲነበብ ይኸው ይደርሳል። ጐዶሎ ቅጂ ከተነሣ በሺህ የሚቈጠር ሰው ያንኑ ጐዶሎ ያነባል።

እርግጥ ነው፣ ያልተለመደ ተራ ሁሉ የጠራዥ ስሕተት አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ተማሪ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚለውን ተራ ሲጠብቅ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ ያገኛል። አለቃ ይህን ተራ የመረጡት አስበውበት ነው፤ ከእርሳቸው ዕረፍት በኋላ መጽሐፉን ለኅትመት ያበቁት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድም በአማርኛው መዝገበ ቃላታቸው ይህንኑ ተከትለዋል። መጽሐፉን ከመንቀፍ በፊት መቅድሙን ማንበብ ይበጃል።

ገጽ በመቍጠር የማይገኝ ጉድለትም አለ። ታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ «ቦንድሜድ» (ባሪያ ሴት ማለት ነው) የተባለው ቃል የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ጠፍተው ቃሉ ሳይታተም ቀረ፤ የገባው በ1933 እ.ኤ.አ. በወጣው ተጨማሪ ቅጽ ነው።

በትእዛዝ የሚጐድል ገጽ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይለያል። የሶቪየት ኅብረት የጸጥታ ሹም የነበረው ቤሪያ በ1953 እ.ኤ.አ. ከተያዘና ከተገደለ በኋላ፣ የታላቁ የሶቪየት ኢንሳይክሎፔዲያ ደንበኞች በ1954 እ.ኤ.አ. አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ከ5ኛው ቅጽ ገጽ 21፣ 22፣ 23ንና 24ን ከነፎቶግራፉ በመቀስ ወይም በምላጭ ቈርጠው፣ በምትኩ የተላከላቸውን አዲስ ቅጠል እንዲለጥፉ ይመክራል። በአዲሱ ቅጠል ስለ ቤሪንግ ባሕር በሰፊው ተጽፏል። የገጹ ቍጥር ሳይጐድል ሰውየው ጐደለ። በታዘዙት መሠረት ያልቈረጡ ሰዎችና ቤተ መጻሕፍት ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ሁለቱን አስተያይቶ የሚፈርድ አይገኝም ነበር።

እኛን በቅርብ የሚያሳስበን ግን ማንም ሳያዝዝ በፈተና ሰሞን የሚሠራው ምላጭ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች የሚፈልጉትን ገጽ ቈርጠው ይወስዳሉ። የሚቈርጡት አንድ ቅጠል ይመስላቸዋል። ጥራዙ የታጠፈ ወረቀት እንደ ሆነ ተናግረናል፤ በ16 ገጽ ጥራዝ ውስጥ ገጽ 3ና 4 ያሉበት ቅጠል ከገጽ 13ና 14 ቅጠል ጋራ አንድ ወረቀት ነው። ክሩ የሚይዘው በእጥፋቱ ላይ ስለ ሆነ፣ አንደኛው ከሥሩ ሲነሣ ጓደኛው የሚይዘው ያጣል። ከጥቂት ወር በኋላ በንባብ ክፍሉ ወለል ላይ ወድቆ ይገኝና ከቆሻሻ ጋራ ይጠረጋል። ስለ አክሱም የተጻፈውን የወሰደ ሰው፣ ከ10 ገጽ በኋላ ስለ ሌላ ነገር የተጻፈውን ለማያውቀው ተማሪ አሳጣው። ይህን እንደ ብልኀት የሚያወራ ሰው በመካከላችን ሲገኝ ሳቅ የምናጅበው ለምን እንደ ሆነ አይገባንም።

የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። በንባብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አንድ የጉድለት መዝገብ ይቀመጥ፤ ጐዶሎ ያገኘ ሁሉ የመጽሐፉን ስምና የገጹን ቍጥር ይጻፍበት። በቤተ መጻሕፍቱ ሹም ፈቃድ በመጽሐፉ የፊት ሽፋን ውስጥ «ከገጽ 193 እስከ 208 የለም» የሚል ማስታወሻ በእርሳስ ይሰፍር። ሙሉ ቅጂ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ሲገኝ የጐደለው ፎቶ ኮፒ ተነሥቶ ጠራዥ በቦታው ይስፋው። የመምህራንንም እርዳታ እንለምናለን፤ በየቤታቸው ያለው ቅጂ ሳይቈረጥ የቈየ ሊሆን ይችላልና።

ቈጠራው የሚጀመረው ከመዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ ሲሆን፣ በመጪው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት በንባብ ክፍል እንገናኛለን። የምትመጡ ሁሉ እርሳስ ያዙ፤ ባለቀለሙ ብዕር በር ላይ ይቅር።